ጩኸታችን የጠራው ሕዝብ

የሰው ብዛት አያስደነግጠኝም ነበር። እንጀራዬ ነዋ! መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። በበዓል ዋዜማ ሚኒባስ በመስኮት ሊገባ የሚታገለውን ጎረምሳ እግሩን ይዤ የማወርድ፣ ቀኑን ሙሉ ስቆጣና ስሰደብ ውዬ ማታ ድምፄ ተዘግቶ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የሺ «ደረጀ ዛሬም ድምፁን መናኸሪያ ረስቶት መጣ» እያለች ትስቅብኛለች። ስለ ሰልፍና ስለ ግፊያ ላስተምርህ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ጆሮም አልሰጠው ነበር። ይህን ኩራቴን በአንድ ቀን፣ ያውም ለቀብር በሄድኩበት፣ ድራሹን ያጠፋውን ነገር ነው የምነግራችሁ።

ሟቹ የኔታ ክንፉ ይባላሉ። ከዘመሮ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ሚስት አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም። ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ የተማረው ሰው ግን መንዝን፣ ግሼን፣ መርሐቤቴን ሞልቶታል፤ አንዱ ቄስ ሆኗል፣ አንዱ መሪጌታ፣ አንዱ ደግሞ ትምህርቱን ትቶ ነጋዴ ሆኖ በግ እየነዳ ዜማውን ያንጎራጉራል። የየሺ አባት መምሬ ጽጌ ከመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት አንዱ ሲሆኑ፣ እዚያው ቀርተው የዚያችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነዋል። አማቼ ዝምተኛ ናቸው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ስለፈልፍ እቆያለሁ፣ እሳቸው በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ይውደዱኝ አይውደዱኝ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ግራ ገባኝ። የገበያ ቀን አይደለም፣ በዓልም አይደለም። ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ግን ግቢውን ሞልቶታል፤ ሁሉም የሚጠይቀው የዘመሮን መኪና ነው። ከሞላሌ የመጣው ሚኒባስ ቆሞ አንድም ሰው አላወረደም፤ ተሳፋሪዎቹ ሾፌሩን ቀጥል ብለውታል። ከግሼ በጭነት መኪና ተጭነው ከመጡት መካከል ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አልኩ።

«አባቴ፣ ሁላችሁም ወዴት ናችሁ?»

«የኔታ ክንፉ ዐርፈው ነው» አሉኝ። «ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ቀባሪ እንዳያጡ ብለን ደብሩ እንዳለ ተነሣን። ቤት ጠባቂ እንኳ አልተውንም።»

የሞላሌዎቹን ጠየቅኳቸው።

«እኛ ካልቀበርናቸው ማን አላቸው ብለህ ነው?» አለች አንዲት ሴትዮ፣ እንደተቆጣች ሁሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ብጠይቅ መልሱ ያው ነው። ልቤ ተነካ። እያንዳንዱ ደብር ብቸኛው ቀባሪ እኔ ነኝ ብሎ፣ ሽማግሌውን ከአሮጊቱ ሳይለይ ጠቅልሎ ወጥቷል። አንዱ ደብር ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ፣ በአፋቸው ሲናገሩት እየሰማሁ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድ ቦታ ሲገናኙ ምን ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። እኔ ያሰብኩት ዛሬ መኪናው ሁሉ ሞልቶ እንደሚወጣ ብቻ ነበር።

የሺ መርዶውን ከአባቷ ሰምታ ለብሳ ጠበቀችኝ። ስሟን ያወጡላት የኔታ ናቸው። ፊሽካዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ አብረን ተሳፈርን።

አሁን ቦታውን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። መኪና የሚያወርደው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው ማዶ ቤተ ክርስቲያኗ ገደሉ ላይ ወጣ ባለ አምባ ላይ ተቀምጣለች። ሜዳውንና አምባውን የምታገናኘው አንዲት መተላለፊያ ብቻ ናት፤ ሰው እንዳይወድቅ በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰፊ የድንጋይ ካብ ተክበውባታል። ከካቡ ውጭ ገደል ነው። መተላለፊያዋ ጫፍ ላይ ደጀ ሰላሙ አለ፤ በእሱ ሥር ታልፎ ወደ ግቢው ይገባል። በማንኛውም እሑድ ቀን ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ የሚያልፍባት፣ ማንም ጠባብ ናት ብሎ አምቶ የማያውቃት መንገድ ናት።

እኛ ስንደርስ ሜዳው ነጭ ሆኗል። የሺ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ደረጀ፣ የኔታ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«‹ዜማችሁን አጥንታችኋል ወይ?› ነዋ!» አልኳት። በእንባዋ መሀል ሳቀች።

መተላለፊያዋ ውስጥ ስንገባ ሰው በዝግታ ይራመድ ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ ቆመ። ፍትሐቱ ግቢው ውስጥ እየተደረሰ ነው፤ ግቢው ሞልቷል። ተሰናብተው የሚወጡት ከፊት መጡብን፣ አስከሬኑ ጋ እንድረስ የሚሉት ከኋላ ያስጠጉናል። እንደ ልማዴ ሥራዬን ጀመርኩ። «ወገን፣ ቀኛችሁን ያዙ! የሚወጣውን አሳልፉ!» አልኩ። የሰማኝ የለም። የሰሙኝም ቢሆኑ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ አልነበራቸውም።

የሺ አጭር ናት። ራሷ ትከሻዬ አይደርስም፤ በደህናው ቀን የምቀልድበት ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን እሷ ያለችበትን አየሁና ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። ፊቷ ከፊቷ ባለው ሰውዬ ጋቢ ውስጥ ገብቷል። እጄን አንሥቼ ላስለቅቅላት ብል እጄ አልነሣ አለኝ፤ ሁለቱም ክንዶቼ ከጎኔ ጋር ተጣብቀዋል። ደረቴ አየር ለማስገባት እንኳ መስፋት አልቻለም።

«ደረጀ… አየር የለም» አለችኝ።

«ቀና በይ! አገጭሽን ወደ ላይ አድርጊ!»

«አልቻልኩም።»

አጠገባችን አንዲት ሴት ኡኡ አለች። ተከትላት ሌላዋ። ከዚያ ሁላችንም ጮኽን። እኔም ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አውጥቼ «ኧረ በእግዚአብሔር! ሰው አለቀ!» እያልኩ ጮኽኩ።

መቼም የማልረሳው ያኔ የሆነውን ነው። እኛ በጮኽን ቁጥር ግፊያው ባሰ። ጩኸታችን ከፍ ሲል ከኋላችን ካለው ሕዝብ ዋይታ ይመለሳል፣ ዋይታውን ተከትሎ እንደ ጎርፍ የሆነ ግፊት ይመጣል። እነዚህ ሰዎች አብደዋል ወይ አልኩ በልቤ። ከወደ ሜዳው በኩል አንድ ጎርናና ድምፅ «ሳጥኑ ወጣ! የኔታ ወጡ! እንድረስላቸው!» ሲል ሰማሁ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ።

በአገራችን አስከሬን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሰው በአንድ ጊዜ እሪ ይላል። በሩቅ ያለው ያን ሲሰማ እያለቀሰ ይሮጣል፤ ቆሞ መቅረት ነውር ነው፣ ለሟቹ ፍቅር እንደማጣት ነው። ከኋላችን ያለው ሕዝብ የሞት ጣር ጩኸታችንን ለየኔታ የምናለቅሰው ለቅሶ አድርጎ ወሰደው። ድረሱልን ስንል እነሱ በእውነት እየደረሱልን ነበር። የሚገድለን የሰው ክፋት አልነበረም። ለቅሶ ደራሽነቱ ነበር።

«አትጩኹ! ዝም በሉ!» ብዬ ጮኽኩ። ዝም በሉ እያለ የሚጮኽ ሰው ምን ይባላል? ማንም ዝም አላለም።

የሺን ጠራኋት። አልመለሰችልኝም። ደግሜ ጠራኋት። ጋቢው ውስጥ የነበረው ፊቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ዓይኗ ገርበብ ብሏል። አልወደቀችም፤ የምትወድቅበት ቦታ አልነበረም።

ቀና ስል ደጀ ሰላሙ ጣሪያ ሥር ባለው የድንጋይ ሰገነት ላይ አንድ ቄስ ቆመው አየሁ። አማቼ ናቸው። ከፍትሐቱ መሀል አቋርጠው ወጥተዋል፤ መስቀላቸው በእጃቸው ነው።

«መምሬ!» አልኩ። «መምሬ! የሺ!»

ድምፄ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም፣ ግን አዩን። እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። በዚያ ርቀት እንኳ ፊታቸው ሲለወጥ ታይቶኛል። አሁን ይወርዳሉ፣ አሁን ሰው ጠርተው ይጎትቷታል ብዬ ጠበቅኩ። መምሬ ጽጌ ግን ዓይናቸውን ከእኛ ላይ አነሡ። በጭንቅላታችን ላይ አሻግረው የሕዝቡን ጭራ፣ ሜዳውን አዩ። ከዚያ አጠገባቸው ወደቆመው ጎልማሳ ዲያቆን ዞረው አንድ ነገር ነገሩት።

ዲያቆኑ አፉን ሞልቶ፣ ረጋ አድርጎ፣ ልክ እንደ እሑድ ቅዳሴ «ተንሥኡ ለጸሎት!» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት አማቼን ጠላኋቸው። ልጃቸው ከእግራቸው ሥር እየሞተች ጸሎት! ስድብ አፌ ላይ መጣ። ግን ያንን ስድብ ሳልሰድብ ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ጥሪ ስሰማ የምመልሰውን መለስኩ። «እግዚኦ ተሠሃለነ» አልኩ። አጠገቤ ያለው ሰውም አለ፤ ስትጮኽ የነበረችው ሴትም አለች። ለካ ሰው እየጮኸ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ማለት አይችልም፤ ወይ አንዱን ነው ወይ ሌላውን።

ከኋላችን ያሉት የዲያቆኑን ጥሪ አልሰሙትም ይሆናል፣ የእኛን መልስ ግን ሰሙ። ሰምተው መለሱ። ከእነሱ ኋላ ያሉትም እንዲሁ። መልሱ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ በመተላለፊያዋ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድ በጆሮዬ ተከተልኩት፤ ሜዳው ላይ ደርሶ ሰፍቶ እንደ ነጎድጓድ ተሰማ። በስተፊትም ግቢው ውስጥ ያለው ሕዝብ መለሰ። የመንዝ ሰው ደግሞ ጸሎት ላይ አይራመድም። ባለበት ይቆማል።

ግፊያው ቆመ። አልቀነሰም፣ አልላላም፣ ቆመ ብቻ። መምሬ ጽጌ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ፣ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» አለ። ያን ዝምተኛ ሰው እንዲህ ባለ ድምፅ ሲያዜሙ ሰምቼ አላውቅም። አልተጣደፉም። አንዲት ቃል አላንቀጠቀጡም። «አቡነ ዘበሰማያት»ን ጀመሩና ሕዝቡ ተቀበላቸው። ይህ ሲሆን ዲያቆኑ የቤተ ክርስቲያኑን ትልቁን ጥላ ይዞ ካቡ ላይ ወጥቶ ነበር። በስተግራው ገደል፣ በስተቀኙ የእኛ ጭንቅላት፤ ጥላውን ዘርግቶ በካቡ አናት ላይ ወደ ሜዳው ሲሄድ በላያችን አለፈ። ሁለት ቄሶች መስቀልና የዕጣን ጽና ይዘው ተከተሉት።

መጀመሪያ ምን ሊሠሩ እንደሆነ አልገባኝም። ሜዳው ላይ ወርደው ከሕዝቡ ጭራ ኋላ ሄደው ቆሙና ዜማ ጀመሩ። በቀብር ላይ ጥላና መስቀል ያለበት ቦታ ፊት ነው፤ ሰው ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ጭራ የነበረው ሕዝብ ዞረ። ዞሮ ጥላውን ተከትሎ ወደ ሜዳው መሀል መራመድ ጀመረ። ማንም ተመለስ አልተባለም፣ ማንም ከቀብር የተባረረ አልመሰለውም። ከጭራው ቀጥሎ ያለው ተከተለ። ክፍተቱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ እኛ መጣ፣ በመጨረሻ ጀርባዬ ላይ የነበረው ሰው ተነሣልኝ። እጄ ተላቀቀ። የሺ ተንሸራታ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት።

ወደ ሜዳው ተሸክሜያት ወጣሁ። ሳሩ ላይ አስተኝቼ ፊቷን በውሃ ብመታው አልነቃችም። ስሟን ጠራሁ፣ አለቀስኩ፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ድንገት ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ነጠላዬን ፈልግልኝ» አለች።

የዚያን ቀን አንድም ሰው አልሞተም። ጎድኑ የተጎዳ ነበር፣ እጁ የተሰበረ ነበር፣ የሺም ከቀብሩ በኋላ ዘመሮ ጤና ጣቢያ ወስደናት እስክትሽር ድረስ ስታስል የጎኗ ሕመም ያስለቅሳት ነበር። ሰው ወደ የኔታ መሄዱ ቀርቶ የኔታ ወደ ሰው መጡ፤ ሳጥናቸውን ካህናቱ አውጥተው ሜዳው መሀል አሳረፉትና ፍትሐቱ እዚያ ተፈጸመ። ያ ሁሉ ደቀ መዝሙር በአንድ ድምፅ ሲያዜም የሰማሁትን ያህል የሚያምር ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። የሞላሌዋ ሴትዮ እያለቀሰች «ልጅ የላቸውም ስንል ጉድ ሠራናቸው» ስትል ሰማኋት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በሌላ ዓይን ነው የማየው። አደጋ የሚመጣው ሰው በሚበዛበት ቦታ ነው ብዬ አምን ነበር። አይደለም። ያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ቢፈስ ማንም አይጎዳም፤ መግቢያው ብዙ ነው፣ መውጫው ብዙ ነው፣ ቦታውም ሰው ለምዷል። ጉዱ ያለው ማንም ልብ በማይላት፣ ጥቂት ሰው ብቻ በለመደች ትንሽ መንገድ ላይ ነው። በብዙ ክር የተሳሰረ ሕዝብ አንድ ቀን ክሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲስበው ውጥረቱ እዚያች ቀጭኗ ቦታ ላይ ያርፋል። ደብሮቹ አንድ ስልክ ተደዋውለው «እናንተም ትሄዳላችሁ?» ቢባባሉ ኖሮ ይበቃ ነበር። አልወቅሳቸውም ግን። ያንን መዓት ያመጣው ትስስራችን ነው፣ የመለሰውም እሱው ነው፤ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ሲባል የሚመልስ ሕዝብ ባይሆን ኖሮ የየትኛው ተራ አስከባሪ ፊሽካ ያቆመው ነበር? እናንተም ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ከፊታችሁ ጩኸት ብትሰሙ፣ ለመርዳት እንኳ ቢሆን፣ ከመሮጣችሁ በፊት ቁሙ። አደራ እላችኋለሁ።

በየኔታ ክንፉ የተዝካር ቀን እኔና የሺ አማቼ ቤት አደርን። ያን ጊዜ ደብሮቹ ተነጋግረው በየተራ ነበር የመጡት። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ እንደ ልማዴ መለፍለፉ አልመጣልኝም። ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኳቸው።

«መምሬ፣ ጩኸታችን ለቅሶ እንዳልሆነ በምን ዐወቁ?»

«ለቅሶ ዜማ አለው፣ ልጄ» አሉ። «ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ያርፋል። የእናንተ አያርፍም ነበር። የኔታ ጆሯችንን በከንቱ አልቆነጠጡንም።»

«ሲያዩን ግን ለምን አልወረዱም?»

እሳቱን ቆስቆስ አደረጉት።

«ብወርድ አንድ ሰው እጨምር ነበር።»

የሺ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባዬ፣ ብሞትስ ኖሮ?»

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ጸሎቱን እጨርስና እወርድ ነበር» አሉ። «ከዚያ መስቀሉን ይዤ ተመልሼ የምወጣ ግን አይመስለኝም።»